የፈሪው ሰው ድርሻ

ሰው ትምህርት የሚያገኘው ታላቅ ከተባለ መጽሐፍ ወይም ስመ ጥር ከሆነ ሰው አንደበት ብቻ ይመስለዋል። እኔም እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ባለፈው የበጀት ዓመት መዝጊያ ሰሞን ኅሊናዬን የወቀሰኝ ታላቅ መጽሐፍ አልነበረም፤ በጥቂት ገንዘብና በብዙ ችኮላ የተሠራ አንድ አሮጌ የወንጀል ምርመራ ፊልም ነበረ። አንባቢ ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል እንደማይቀር ዐውቃለሁ። ፈገግታው ለጊዜው ይቆየንና ነገሩን ከሥሩ ላውጋ።

እኔ በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ክፍል የምሠራ ሰው ነኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ የተቀጠርሁት በዚሁ ክፍል ሲሆን፣ እነሆ ዐሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ካገላበጥኋቸው ፋይሎች የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ተረቅቆ፣ ታርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት የወጣ ደብዳቤ የጸሐፊውን ሐሳብ ይናገራል እንጂ ልቡን አይናገርም። ልቡን የምትናገረው በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጫረች «ይህ ሰው ደግሞ መጣ» የምትል ዐይነት መስመር ናት። የሚቸኩል ሰው ልቡን የሚደብቅበት ጊዜ የለውም።

ፊልሙን ያገኘሁት ከአክስቴ ልጅ ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ የሚማርና የጥንት ፊልም መሰብሰብ የሚወድ ወጣት ነውና፣ በአንዲት ፍላሽ ብዙ ፊልም ጭኖ ሰጠኝ። አንድ ምሽት ከሥራ ደክሞኝ በገባሁ ጊዜ ከመካከላቸው አንዱን ከፈትሁ። ስሙ «ቻርሊ ቻን በምሥጢር አገልግሎት» ይባላል። ለሕዝብ የታየው በ1944 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት እሳት ገና ሳይበርድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልኝ እለምናለሁ።

ታሪኩ አጭር ነው። የጀርመንን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ለመቋቋም የሚያስችል መሣሪያ የሚሠራ አንድ የፈጠራ ሊቅ፣ እንግዶች በቤቱ ተሰብስበው ሳሉ በድንገት ይሞታል፤ የመሣሪያውም ፕላን ይጠፋል። የአሜሪካ መንግሥት የምሥጢር አገልግሎት ባልደረባ የሆነው ቻርሊ ቻን ይጠራል፤ ከዚያ ወዲያ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ይጠረጠራል። ገዳዩ ማን እንደ ሆነ አልናገርም፤ ፊልሙን ለማየት የሚፈልግ ሰው ቢኖር ደስታውን መስረቅ ነውር ነውና። ነገሩ ሁሉ ከዚያ ቤት ብዙም ሳይርቅ በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል።

ቻርሊ ቻን ማን እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። ኧርል ዴር ቢገርስ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ በ1925 ዓ.ም. ባወጣው «ቁልፍ የሌለው ቤት» በተባለ ልብ ወለድ ውስጥ፣ በሆኖሉሉ ከተማ ፖሊስ የሚያገለግል ቻይናዊ መርማሪ አቀረበ። ደራሲው በዚህ ሰው ላይ ስድስት መጻሕፍት ጽፎ በ1933 ዓ.ም. ሞተ፤ የፈጠረው ሰው ግን በሲኒማ ከእርሱ ዕድሜ በላይ ኖረ። በስዊድን አገር የተወለደው ዋርነር ኦላንድ ከ1931 እስከ 1937 ዓ.ም. በ16 ፊልሞች ቻንን ሆኖ ተጫወተ። እርሱ በ1938 ዓ.ም. ሲሞት የሚዙሪ ተወላጅ የሆነው ሲድኒ ቶለር ተተካ። ፎክስ የተባለው ታላቅ የፊልም ኩባንያ በ1942 ዓ.ም. ተከታታዩን ሲያቆም፣ ቶለር መብቱን ከሟቹ ደራሲ ሚስት እጅ አግኝቶ ሞኖግራም ወደሚባል አነስተኛ ኩባንያ ይዞት ሄደ። እኔ ያየሁት ፊልም በዚያ ኩባንያ ከተሠሩት የቻን ፊልሞች የመጀመሪያው ነው።

ሞኖግራም፣ የሆሊዉድ ሰዎች «የድሆች መደዳ» እያሉ ከሚያፌዙባቸው ትንንሽ ኩባንያዎች አንዱ ነበር። በዚያ ቤት ፊልም የሚሠራው በቀናት ሒሳብ ነው፤ አንዱ እንዳለቀ ሌላው ይጀመራል። የዚህን ፊልም ዝግጅት የመራው ፊል ሮዘን የአሜሪካ የፊልም አንሺዎች ማኅበር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ሲሆን፣ ዕድል ከትልቁ አደባባይ ወደዚያ መደዳ አውርዳው ነበር። ጦርነቱም በበኩሉ ሁሉን አሳጥሮ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በ1942 ዓ.ም. ለአንድ ፊልም ትዕይንት መሥሪያ የሚገዛ አዲስ ዕቃ ከ5,000 ዶላር እንዳይበልጥ ወሰነ። ታላላቆቹ ኩባንያዎች በዚህ አዋጅ ሲያማርሩ፣ በድሆች መደዳ ግን ቁጠባ ዱሮም ቢሆን ልማድ እንጂ አዋጅ አልነበረም። ስለዚህ ፊልሙ በእኔ ሙያ ቋንቋ ሲነገር ተረቅቆና ታርሞ የወጣ ደብዳቤ አይደለም፤ በፋይል ጠርዝ ላይ በችኮላ የተጻፈ መስመር ነው። ያን ዘመን የጻፈው ሰው ልብ ምን እንደ ነበረ የሚነበበውም ከዚያ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ልቤን የሳበው ንግግር ነው። ቻርሊ ቻን በምሳሌ ይናገራል። እኛ ደግሞ በተረትና በምሳሌ የሚናገር ሽማግሌ መስማት የምንወድ ሰዎች ነንና ወዲያው ወደድሁት። ነገር ግን ምሳሌውን የሚናገርበት እንግሊዝኛ ሆን ተብሎ የተሰባበረ ነው። ልጆቹ ቶሚና አይሪስ ግን እንደ ማንኛውም የአሜሪካ ወጣት ያቀላጥፉታል። በኋላ የተዋንያኑን ታሪክ ባገላብጥ ነገሩ ይበልጥ አስገረመኝ። ልጁን ሆኖ የሚጫወተው ቤንሰን ፎንግ የቻይና ዘር ያለው የካሊፎርኒያ ተወላጅ ነው፤ አባት የሆነው ቶለር ደግሞ ነጭ የሚዙሪ ሰው ነው። እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚሰብረው፣ እንግሊዝኛ የእናቱ ቋንቋ የሆነው ሰው ነው ማለት ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ ሊነበብ የሚገባው ሌላ ወረቀት አለ። አሜሪካ በ1882 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ የቻይና ሠራተኞች ወደ አገሯ እንዳይገቡ ከልክላ፣ በቻይና የተወለደ ሰውም በማመልከቻ ዜግነት እንዳያገኝ በሩን ዘግታ ነበር። ይህ ሕግ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ የተሻረው በዲሴምበር 17 ቀን 1943 ዓ.ም. ነው። ምክንያቱም ቻይና በጃፓን ላይ በሚደረገው ጦርነት የአሜሪካ ጓደኛ ስለ ነበረች፣ ጓደኛን በሕግ መሳደብ ስላላማረ ነው። በአዲሱ ሕግ ግን በዓመት እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ቻይናውያን 105 ብቻ ነበሩ። ፊልሙ የወጣው ከዚህ በኋላ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነው። በሕጉ 105 ሰው የሚቈጥረው መንግሥት፣ በሲኒማው የጦር ምሥጢሩን ለአንድ ቻይናዊ አደራ ይሰጣል፤ አደራው የተሰጠው ሰው ፊት ግን የሚዙሪ ሰው ፊት ነው። እነዚህ ሁለት ወረቀቶች በእኔ እጅ ቢገቡ በአንድ ፋይል ውስጥ አያይዛቸው ነበር።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ሌላውንም ወገን ልናገር። በሆኖሉሉ ቻንግ አፓና የተባለ እውነተኛ ቻይናዊ መርማሪ ነበረ፤ ሽጉጥ ትቶ አለንጋ ይዞ በመዘዋወሩ የታወቀ ነው። ቻርሊ ቻን በእርሱ ስም የተነሣ እንደ ተፈጠረ ሕዝቡ ያምን ነበር። በ1931 ዓ.ም. ዋርነር ኦላንድ ፊልም ለማንሣት ወደ ሆኖሉሉ በሄደ ጊዜ ሁለቱ ተገናኝተው አብረው ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። ኦላንድ በ1936 ዓ.ም. ሻንግሃይን ሲጐበኝም የቻይና ሰዎች በደስታ ተቀበሉት፤ እነርሱም ራሳቸው በቻይናዊ ተዋናይ የቻን ፊልሞችን ሠሩ። በአሜሪካ ሲኒማ ቻይናዊ ማለት ወይ ተንኰለኛ ወይ አጣቢ በነበረበት ዘመን፣ ብልህና ጨዋ ሆኖ መታየቱ ብቻ እንደ ሲሳይ ተቈጥሮ ነበር። የተራበ ሰው እንጀራው ለምን ጠቈረ አይልም።

ይሁን እንጂ እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ሁሉ ያሰብሁት በኋላ ነው። በዚያ ምሽት ያደረግሁት ነገር መሳቅ ነው።

የሳቅሁትም በሹፌሩ ነው። ከእንግዶቹ የአንዲቱ ሴት ሹፌር የሆነ ቢርሚንግሃም ብራውን የሚባል ጥቁር ሰው አለ። የሚጫወተው በ1902 ዓ.ም. በሉዊዚያና የተወለደው ማንታን ሞርላንድ ነው። የሹፌሩ ድርሻ መፍራት ነው። ኮቴ በሰማ ቁጥር ዓይኑ ይፈጣል፤ ጥላ ባየ ቁጥር እግሩ ከአንደበቱ ቀድሞ ይነሣል። እኔ ብቻዬን በተቀመጥሁበት ክፍል ውስጥ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ሳቅሁ። ሰውየው ሳቅ የሚያመጣው በዘፈቀደ አይደለምና፤ እያንዳንዱ የዓይኑ ግልብጭታ በልክ የተቈረጠ ነበር።

ፊልሙ ወደ አጋማሹ ሲደርስ ግን ሳቄ በጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ይህ ሰው ምን አጠፋ? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። በቤቱ ሰው ሞቷል። ገዳዩ አልተያዘም፤ አብሯቸው ነው። ባለጸጎቹ እንግዶች ስለ ክብራቸው ይከራከራሉ፤ ወጣቶቹ መርማሪ መሆን አምሯቸው ይሯሯጣሉ፤ ከዚህ ቤት መራቅ ይሻላል ብሎ የሚያስብ አንድ ሹፌሩ ብቻ ነው። ማንኛውም ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው የሚያስበውን የሚያስብ እርሱ ሆኖ ሳለ፣ የሚሳቅበትም እርሱ ሆነ። ፍርሃት በዚያ ቤት ለሁሉ የሚገባ ነበር፤ ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ ለአንዱ አሸከሙትና ሌሎቹ ደፋሮች ሆኑ።

ያን ጊዜ የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ትዝ አሉኝ።

እኒህን ሰው ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሐምሌ ወር አምስት ሠራተኞች ሆነን መዝገብ ለመረከብ ወደ አንድ ወረዳ ሄደን ነበር። ስንመለስ መሸብን። አንድ ወንዝ ዳር ስንደርስ ጋሼ መኪናውን አቁመው ወረዱ፤ ጎንበስ ብለውም የውሃውን ድምፅ አዳመጡ። ከላይ አገር ሲዘንብ ውሎ ነበርና ወንዙ ያጉረመርማል። ተመልሰው መጥተው በመስኮቱ በኩል፣ «ልጆቼ፣ እባካችሁ፣ እዚሁ እንደር» አሉን። እኛ ግን በማግሥቱ እሑድ ስለ ነበረ ከቤታችን ለመድረስ ቸኩለናል። የቡድኑ መሪ «ጋሼ ፈሩ እንዴ!» ብሎ ሳቀ፤ ቀጥሎም ትእዛዝ ሰጠ። ጋሼ ሁለት ጊዜ ደግመው «እባካችሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ነዱ። ውሃው እስከ በሩ እጀታ ድረስ መጣ፤ መኪናው አንድ ጊዜ ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ ሆኖም ተሻገርን። ማዶ ስንደርስ ጣቶቻቸው መሪውን እንደ ጨበጡ ደርቀው አልላቀቅ ብለው ነበር። ይህን አይተን ሳቅን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር አፍራለሁ፤ ግን ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚሁ ነው። እኔ ድምፅ መቅዳት ዐውቃለሁ። ሰኞ ጧት በሻይ ሰዓት ያን «ልጆቼ፣ እባካችሁ» የሚለውን ከነመንቀጥቀጡ፣ የደረቁትን ጣቶች ከነመሪው አድርጌ ለክፍሉ ሠራተኞች አሳየሁ። ሰው በሳቅ ተንከተከተ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየግብዣው፣ በየበዓሉ፣ በየመሸኛው «እስቲ የጋሼን ወንዝ» እየተባልሁ ተነሣሁ። ጋሼም በመካከላችን ተቀምጠው ይስቁ ነበር። እርሳቸው መሳቃቸውን እንደ ፈቃድ ቈጠርሁት።

ፊልሙን ካየሁ በኋላ ስለ ማንታን ሞርላንድ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ሰውየው ከመድረክ የመጣ ታላቅ ባለሙያ ኖሯል። ቤን ካርተር ከተባለ ጓደኛው ጋር የሚያሳየው አንድ ጨዋታ ነበረው፤ በ1945 ዓ.ም. በወጣው በሌላው የቻን ፊልም በ«ቀዩ ፍንጭ» ውስጥ ይገኛል። ሁለቱ ሰዎች ያወራሉ፤ አንዱ ዐረፍተ ነገር ሲጀምር ሌላው ሳያስጨርሰው ይመልስለታል፤ አንድም ነገር ሳይፈጽሙ ፍጹም ይግባባሉ። እንደ ቅኔ ተቀባይና ዘራፊ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በዚያ ርካሽ ፊልም ውስጥ ርካሽ ያልሆነው ነገር ይህ ብቻ ነው።

በዚያው ዘመን የጥቁር አሜሪካውያን መብት ተሟጋች ማኅበር መሪ የነበረው ዋልተር ዋይት በ1942 ዓ.ም. ወደ ሆሊዉድ ሄዶ፣ ጥቁር ሰው በፊልም ሁልጊዜ አገልጋይና ፈሪ ሆኖ መታየቱ እንዲቀር የኩባንያ ባለሥልጣኖችን አነጋግሮ ነበር። ጥያቄው ትክክል ነበር። ከጦርነቱ በኋላም ዘመኑ ሲለወጥ የፈሪው ሹፌር ድርሻ እየቀረ ሄደ። ነገር ግን የፈሪውን ድርሻ ያስቀሩት ፊልም ሠሪዎች በቦታው ሌላ ድርሻ ለሞርላንድ አልሰጡትም፤ ሥራው እየሳሳ ሄደ። በ1957 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ጥቁር ተዋንያን ብቻ በተጫወቱበት የሳሙኤል ቤኬት «ጎዶን መጠበቅ» በተባለው ተውኔት ከሁለቱ ዋና ገጸ ባሕርያት የአንዱን፣ የኤስትራጎንን ድርሻ ያዘ። ትዕይንቱ ለጥቂት ቀናት ብቻ ታይቶ ተዘጋ። በ1973 ዓ.ም. ሞርላንድ ዐረፈ። ይህን ሳነብ፣ አንድን ሰው ከሚሳቅበት ወንበር ማስነሣት ደግ ሥራ ሆኖ፣ ሌላ ወንበር ሳያቀርቡለት መቅረት ምን ማለት እንደ ሆነ ታየኝ።

ፊልሙን ካየሁ ከሦስት ቀን በኋላ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ግብዣ ነበረ። ጋሼም በዚያው ወር በጡረታ ይሰናበቱ ስለ ነበር ግብዣው የእርሳቸውም መሸኛ ሆነ። ምሳው ተበልቶ መጠጡ ሲዞር እንደ ልማዱ «የጋሼን ወንዝ!» ተባለ። ተነሣሁና «ዛሬ ይቅርብኝ» አልሁ። ሰው ቀልድ መስሎት አጨበጨበ። «አልችልም» ብዬ ተቀመጥሁ። አዳራሹ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ጋሼ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው ቆዩ፤ ከዚያም ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። ባዶ ሳሕን አንሥተው እንደ መሪ ጨበጡና «ልጆቼ፣ እባካችሁ፣ እዚሁ እንደር!» አሉ። ጉልበታቸው ተብረከረከ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ሳሕኑ ከጣቶቻቸው አልላቀቅ አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እውነት ለመናገር ከእኔ ይልቅ አሳምረው ተጫወቱት።

ግብዣው ሲያበቃ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ካባቸውን በክንዳቸው ይዘው ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው።

«ለምኑ ነው? ለዛሬው ከሆነ፣ ጨዋታ ልታበላሽብኝ ነበር» አሉና ፈገግ አሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት መኪና የነዳ ሰው በምን ይታወሳል? ያቺ ወንዝ ባትኖር ማን ስሜን ያነሣ ነበር?»

ጥቂት መንገድ ዝም ብለን ሄድን። ከዚያ ቆም ብለው እንዲህ አሉኝ፤ «በዚያው ወንዝ፣ አንተ ሳትቀጠር ገና፣ አንድ መኪና ከነሰዎቹ ሲሄድ አይቻለሁ። ማዶ ቆሜ ነበር። መብራቱ ከውሃው ሥር ብዙ ሰዓት ሲበራ ቆየ።»

«ታዲያ ያን ሌሊት ለምን አልነገሩንም?»

«ነገርኋችሁ እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «እባካችሁ አልኋችሁ።»

በማግሥቱ የጡረታ ወረቀታቸው ለእኔ ክፍል ደረሰ። ፋይላቸውን አውጥቼ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብሁት። የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ጭማሪ፣ የዓመት ፈቃድ፣ በመጨረሻም በአስተዳደሩ የተፈረመ አንድ ገጽ ምስክርነት ይገኛል። ምስክርነቱ በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎታቸው በሰውም ሆነ በንብረት ላይ አንድም አደጋ እንዳላደረሱ ይናገራል። ለምን እንዳላደረሱ ግን የሚናገር አንድም መስመር በዚያ ፋይል ውስጥ አላገኘሁም።